የእንሰቱ ልብ ከግቢ የወጣበት ቀን

በሰፈራችን የእንሰት በሽታ በገባ ጊዜ በእኔ ግቢ አንድ እንሰት ብቻ ቆመ። ሌላው ሁሉ ወደቀ። ነገሩ ይህን ያህል ነው። ሰው ግን ይህን ያህል ነው ሲሉት አይበቃውም፤ ለምን ቆመ ይላል። ለምን እንደቆመ እኔ አላውቅም። የማውቀው ያየሁትን ነው፤ ያየሁትን ደግሞ ልጆቼ ጻፈው ብለው ስለነዘነዙኝ እጽፋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ እኔም ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ጊዜው ግንባሩ ሥልጣን ላይ ብዙ ቆይቶ ሊወርድ ትንሽ ሲቀረው ነው። አንድ ለአምስት ተደራጁ፣ ስብሰባ ውጡ የሚባልበት። ቤቴ ከሶዶ ወደ ጉኑኖ ሲሄዱ ከመኪናው መንገድ ወጣ ብሎ ነው። ከጓሮዬ ቀና ካልኩ የዳሞታ ተራራ ይታየኛል። በክረምት ግን ጠዋት ጠዋት ጉሙ ወርዶ እንሰቱ ውስጥ ይገባል፤ ያን ጊዜ እንሰቱ ቆሞ የሚጠብቅህ ሰው ይመስላል። ለምጄዋለሁ እላለሁ እንጂ አለመድኩትም።

በሽታውን ያላየ ካለ ልንገረው። መጀመሪያ የመሀሉ ቅጠል ቢጫ ይሆንና ጫፉ ይታጠፋል። ሌላው ይከተለዋል። ግንዱን ስትቆርጠው መግል የመሰለ ነገር ያወጣል። ቢላዋ ያዛምተዋል አሉን፤ ቢላዋችንን በእሳት ለበለብን። የታመመውን ነቅላችሁ ቅበሩ አሉን፤ ነቅለን ቀበርን። እንሰት መቅበር ደስ አይልም። ጉድጓዱ የሰው ጉድጓድ ያህላል፣ ሲሞላም አፈሩ ከፍ ብሎ ይቀራል። በዚያ ዓመት በየሰው ጓሮ እንዲህ ከፍ ከፍ ያለ አፈር ነበር። ሕፃናት በላዩ አይሮጡም፤ ማንም አትሩጡ ሳይላቸው።

የቆመው እንሰት የባለቤቴ ነበር። እሷ ከበሽታው በፊት ሞታለች። ሳገባት፣ ከቤሌ ወዲያ ካለው ከእናቷ ግቢ ጥቂት ችግኝ አስይዛ መጣች። ችግኙ አድጎ፣ ተባዝቶ፣ ልጆቻችንን ያበላው እሱ ነው። በሽታው ሲመጣ ግን ሌላው ተበልቶ አልቆ፣ ከዚያ ዘር የቀረው ያ አንዱ ብቻ ነበር።

እንሰት በእኛ አገር በዘር አይባዛም። ትልቁን ትነቅላለህ፤ ግንዱን ቆርጠህ ከሥር ያለውን አሚቾውን ታስቀራለህ። ከአሚቾው መሀል ልቡን ፈልፍለህ ታወጣለህ፣ ቦታውን ፍግና አፈር ሞልተህ ትቀብረዋለህ። ልቡ ካልወጣ አይወልድም። ከወጣ ግን ዙሪያውን ችግኝ ያፈላል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ያው እንሰት። እናትየው በእነሱ ውስጥ ታልቃለች።

ባለቤቴ በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ነገር ታጠብቅ ነበር። ችግኝ ከመነቀሉ በፊት ወደ ቤት በዞረው ጎኑ የቃጫ ክር ታስርበታለች፤ አዲሱ ቦታ ሲተከልም ያ ጎን ወደ ቤት መዞር አለበት። ከተነቀለ በኋላ ጎኑን ማን ያውቃል? እንሰት ዙሪያው አንድ ነው። ስለዚህ ክሩ የሚታሰረው አሮጌው ገና ቆሞ ሳለ፣ እሱን እያዩ ነው። ሌላው፣ የተፈለፈለው ልብ ከግቢ አይወጣም። አሚቾው አፈር እስኪለብስ ቅጠል ለብሶ ይቀመጣል፣ ማንም አይራመደውም፣ ብቻውን አይተውም። ለምን ስላት "እንዲህ ነው" ትለኛለች፣ አለቀ። የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ አንድ ቀን መጥቶ ይህ የድሮ ነገር ነው፣ ተይው አላት። እሺ አለችው። አልተወችም። እኔን ግትር ይሉኛል፤ እሷን አላወቋትም።

የወንድሜ ልጅ ተምራ ተምራ ውጭ አገር ድረስ ሄዳ የእንሰት ዶክተር ሆና ተመልሳለች። ሥራዋ ሶዶ ዳር ያለ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ጎረቤቴ፣ አብሮኝ ያደገ ምላሰኛ ሽማግሌ፣ "ለሰው የሚሆን ዶክተር አጥተን ለእንሰት መጣልን" እያለ ያበሽቃታል። እሷም ትስቃለች።

እንሰቱ ብቻውን መቆሙን ሰምታ መጣች። ዞራ ዞራ አየችው።

"አባባ፣ ይሄ ምን አድርገውለት ነው?"

"ምንም። ፍግ። እንደ ሌላው።"

"ሌላው ሞቷል እኮ።"

"ሌላውን ጠይቂዋ።"

ከጎኑ አንዲት እንቡጥ ለመነችኝ፤ ልብ አይደለም፣ ከሥሩ ጎን ያበጠች፣ ገና ያልበቀለች ትንሽ ዓይን ናት። ሰጠኋት። ላቦራቶሪው ውስጥ በጠርሙስ ታባዛዋለች፣ ሰፈሩ ሁሉ ይተክላል አለችኝ። ጥሩ ነው አልኩ። ማን መጥፎ ነው ይላል?

ከብዙ ጊዜ በኋላ ይምጡና ይዩዋቸው ብላ ጠራችኝ። ጫማዬን አስወልቃ ነጭ ካፖርት አለበሰችኝና አንድ ክፍል አስገባችኝ። መስኮት የለውም። መደርደሪያ በመደርደሪያ ላይ፣ በየመደርደሪያው ጠርሙስ፣ በየጠርሙሱ እንሰት። ጣቴን የማያክሉ። ሥራቸው አፈር ውስጥ አይደለም፤ እንደ ቀዘቀዘ የአጥንት መረቅ የረጋ ነገር ውስጥ ነው፣ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከላይ ነጭ መብራት አለ። የሆነ ነገር ያለማቋረጥ እም ይላል። በእኔ ግቢ እንሰት ዝም ብሎ አያውቅም፤ ነፋስ ባይኖርም ቅጠል ከቅጠል ይተሻሻል። እነዚህ ግን ጭጭ። ቅጠሉን አውቀዋለሁ፣ የአንገቱን ቅላት አውቀዋለሁ፤ የባለቤቴ እንሰት ነው። ሳሮ ብዬ ሰላም ልላቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። የዘመድህን ፊት የያዘ ሰው መንገድ ላይ አግኝተህ ሰላም ልትለው ስትል፣ እሱ እንደማያውቅህ ዓይኑ ላይ ታያለህ አይደል? እንደዚያ።

"የትኛው ጎናቸው ነው ወደ ቤት?" አልኳት።

ሳቀች። "ቤት የላቸውም አባባ።"

"ፀሐይ የሚወጣው በየት ነው?"

"ፀሐይም የላቸውም። መብራቱን እኛ ነን የምናበራው።"

ያን ቀን ቶሎ ወጣሁ። ራሴን አሞኝ ነበር።

ችግኞቹ ለሰፈሩ ታደሉ። ጎረቤቴም ወሰደ፤ የእሱ ጓሮ ባዶ ቀርቶ ቤተሰቡ ስኳር ድንች ብቻ ይበላ ነበር። ጥሩ አደጉ፣ ልዋሽ አልችልም። በመንገድ ስሄድ በየአጥሩ ውስጥ የባለቤቴ እንሰት ቆሞ አያለሁ። በየሰው ቤት። ሰው ደስ ይበልህ ይለኛል፤ እኔ ግን አቀርቅሬ ነበር የማልፈው።

ከዚያ በሽታው ተመልሶ መጣ።

ሰው ሲታመም አንዱ ራሱን፣ አንዱ ሆዱን ይላል። ከብትም እንደዚያው ነው። እነዚህ ግን በየግቢው ያው ቅጠል ቢጫ ሆነ። ከመሀል ሁለተኛው። በሁሉም ጫፉ በአንድ በኩል ታጠፈ። ጎረቤቴ ግቢ አየሁ፣ ወደሚቀጥለው ሄድኩ፣ ያው፤ ወደ ሌላው፣ ያው። አንድ ሞት ነው፤ በየአጥሩ ውስጥ ቆሞ የሚጠብቀኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ የእኔን ለማየት ፈርቼ በፊት ለፊት በር ገባሁ። ጓሮ ስወጣ ቆሟል። የመሀል ቅጠሉ ቀጥ ብሎ፣ ጤነኛ።

ጎረቤቴ የሞቱትን ሲቀብር ልረዳው ሄድኩ። አካፋውን ተደግፎ፣ "የሚስትህ እንሰት ነው ሲሉኝ ተቀበልኩ" አለኝ። "ይሄ መልኳ ነው እንጂ እሷ አይደለችም።"

"እኔ አልሰጠሁህም። ዶክተሯን ጠይቅ።"

"ዶክተሯን ምን እላታለሁ? እሷም አልቅሳለች።"

እውነቱን ነው፤ አልቅሳ ነበር። ሲረጋጋላት መጥታ ደጄ ላይ በርጩማ ተቀመጠች። እኔ ብዙ ነገር አይገባኝም፤ የነገረችኝን ግን ደጋግማ ስለነገረችኝ ገብቶኛል።

"አባባ፣ እንሰቱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ክፍሎች አሉ፣ ሴል ይባላሉ። በየሴሉ ረጅም ጽሑፍ አለ፣ እሱ ዲኤንኤ ነው። የጠርሙሱንም የዚህንም ጽሑፍ አንብቤያለሁ። አንድ ነው። ፊደል አልጎደለም።"

"ታዲያ ምን ጎደለ?"

"ፊደሉ ላይ የሚቀመጥ ምልክት አለ። ፊደሉን አይቀይረውም። ይሄን አንብብ፣ ይሄን ዝለል የሚል ነው። ሜቲሌሽን እንለዋለን። ጽሑፉ እንደ ሁለት የተገመደ ክር ነው። ሴሉ ሲባዛ ክሮቹ ይለያዩና እያንዳንዱ አሮጌ ክር አዲስ ጓደኛ ይሠራለታል። አዲሱ ምልክት የለውም። ከዚያ አንድ ሠራተኛ ይመጣል፣ ኢንዛይም ነው፤ አሮጌውን እያየ በአዲሱ ላይ ምልክቱን ያደርጋል። አክስቴ ቃጫውን እንደምታስረው።"

"እሷን ተያት። በጠርሙሱስ ውስጥ?"

"የምናበላቸው ስኳር፣ የምንጨምረው መድኃኒት፣ ያ መብራት፣ ሠራተኛውን ያደነጋግሩታል። አንዳንዱን ምልክት ይጥላል፣ አንዳንዱን ያለ ቦታው ያደርጋል። እንዲህ ይመስለኛል። እርግጠኛ ለመሆን ግን የእናትየውን ምልክት ማንበብ አለብኝ።"

"ቅጠል ውሰጂ። ሞልቷል።"

"የቅጠል ምልክት የቅጠል ነው። እኔ የምፈልገው ችግኝ የሚወጣበትን ነው።" ወደ ጓሮው ሳታይ፣ "ልቡን" አለች።

እሷ ቀጠለች። የልቡ ጫፍ የመርፌ ራስ አያክልም፤ ከእሱ የሚገኘው ጽሑፍ ለማንበቢያው መሣሪያ አይበቃም። ስለዚህ በትንሽ ቱቦ ውስጥ መባዛት አለበት። ቱቦ ውስጥ ደግሞ ፊደል ጻፊ እንጂ ምልክት አድራጊ የለም። አንዴ ሲባዛ ምልክቱ በግማሽ ይሳሳል፣ ደግሞ ሲባዛ የግማሽ ግማሽ፣ እንዲህ እያለ መጨረሻ ላይ ፊደል ብቻ ይቀራል።

"ጅል ሥራ ነው" አልኳት። "ልትፈልጊው ትገቢና እዚያው ታጠፊዋለሽ።"

"ለዚህ ነው አንድ ዙር ብቻ የማባዛው። አቆማለሁ። ሠራተኛውን እጨምርበታለሁ፤ አሮጌውን አይቶ አዲሱን ምልክት ያደርግበታል። ከዚያ ሌላ ዙር። ክሮቹን ለመለያየት ማሞቅ አለብኝ፤ ሙቀቱ ሠራተኛውን ይገድለዋል። በየዙሩ አዲስ እጨምራለሁ።"

"በየዙሩ ይሞታል?"

"በየዙሩ።"

ይህን ነገር አልወደድኩትም። ልቡ ከግቢ አይወጣም አልኳት። ተነሥታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ የእንሰቱ ቅጠል ማጠር ጀመረ። አዲስ የሚወጣው ከበፊተኛው ያንሳል፣ ቀጣዩም ከእሱ ያንሳል። እንሰት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ሊያብብ ነው። እንሰት አንዴ ካበበ አለቀለት፤ አሚቾው ቢቀበርም ችግኝ አይሰጥህም። አሁን ነቅዬ ካላባዛሁት የባለቤቴ ዘር በምድር ላይ የለም። ካባዛሁት ደግሞ በሽታው አፈሩ ውስጥ አለ፤ ችግኞቹ የጠርሙሶቹን መንገድ ከሄዱ ያለኝን አንድ በእጄ ገደልኩ ማለት ነው። እናትየው የምታውቀውን ልጆቹ ያውቁታል ወይስ አያውቁትም? ከዚህ በቀር ጥያቄ አልነበረም፣ የሚመልስልኝም ሰው አልነበረም። በየቀኑ ጠዋት ወጥቼ አዲሱን ቅጠል በክንዴ እለካለሁ። አንድ ጠዋት ጉም ውስጥ ሆኜ ስለካ ከወዲያኛው በኩል ሌላ ሰው የሚለካ መሰለኝ። ዞሬ አየሁ። ማንም የለም። ቅጠል ነው።

ጎረቤቴ መጣ። ቁጭ አለ።

"አንተ ግትር፣ ምን ትጠብቃለህ?"

"እያሰብኩ ነው።"

"አንተ ስታስብ እሱ ያብባል። ለማንኛውም ልትነቅለው አይደለም? ልቡን ፈልፍለህ ልታወጣው አይደለም?"

"አዎ።"

"ታዲያ የወጣውን ልብ ምን ታደርገዋለህ? ትበላዋለህ?"

"ከግቢ አይወጣም።"

"ሚስትህ አይወጣም አለች፤ እሺ። አንተስ ከግቢ ትወጣለህ አይደል?"

መጀመሪያ ሊያላግጥብኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ልክ ነው። ባለቤቴ ከግቢ አይወጣም ያለችው ብቻውን እንዳይተው ነው፤ እኔ አብሬው ካለሁ ብቻውን አይደለም። ደውዬ ልጅቷን ጠራኋት። ልቡ ይውጣ፣ እኔም አብሬው እወጣለሁ፣ የተረፈውን ይዤ እመለሳለሁ፣ አሚቾው እስክመለስ አፈር አይለብስም አልኳት። እሺ አለች፤ ስልኩ ላይ ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር።

በጠዋት ነቀልነው። ጎረቤቴና እኔ ነን፤ ሁለት ሽማግሌ። ግንዱን ስቆርጠው መግል ይወጣል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ንጹሕ ውሃ ነው የወጣው። ልቡን ልጅቷ ራሷ በተለበለበ ቢላዋ አወጣችው። ነጭ ነው፣ የሕፃን ጡጫ ያክላል፣ በእጅ ሲይዙት ይቀዘቅዛል። ጫፏን ቆርጣ በረዶ ያለበት ዕቃ ውስጥ ከተተች። የቀረውን በቅጠል ሸፍኜ ያዝኩት። ጎረቤቴን አሚቾው አጠገብ ተቀመጥ፣ እንዳትነሣ አልኩት። "ሽንቴ ቢመጣስ?" አለኝ። ያዘው አልኩት።

በባጃጅ ሄድን። ባለባጃጁ የያዝኩትን አይቶ "ሕፃን ነው?" ብሎ ጠየቀ። አይደለም አልኩት፤ ከዚያ በኋላ እስክንደርስ በመስታወቱ እያየኝ ነዳ።

ላቦራቶሪው ውስጥ ወንበር ሰጠችኝ። ቅጠሉን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። እሷ የምትሠራበት ቱቦ ከጥፍሬ አይበልጥም። ከዚህ በፊት በቅጠል ሞክራዋለች፤ ቅጠል ብዙ ስላለ ሳታባዛም አንብባ፣ አባዝታም አንብባ፣ ሁለቱ መቀራረባቸውን አይታለች። በልብ ግን አንድ ዕድል ብቻ ነው ያለኝ አለችኝ። አንድ ዙር ታሞቃለች፣ ታባዛለች፣ ታቆማለች፣ ከበረዶ ውስጥ ሠራተኛውን አውጥታ ትጨምራለች፣ ሌላ መሣሪያ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ ትጠብቃለች። ደግሞ እንደገና። እኔ በየዙሩ የሚሞተውን አስባለሁ። ስም የለው፣ ድምፅ የለው። አሮጌውን አየ፣ በአዲሱ ላይ ምልክት አደረገ፣ ሞተ። ሌላው ገባ።

እንዲህ እያለች መብራት ጠፋ።

ሁሉ ነገር በአንዴ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ነው ቤቱ ምን ያህል ይጮህ እንደነበር የገባኝ። ከወዲያ ካለው የጠርሙስ ክፍል በር ሥር ይታይ የነበረው ነጭ ብርሃንም የለም። ከመስኮቱ የቀን ብርሃን ይገባል፣ ነገር ግን የሞተ ብርሃን ነው። ልጅቷ ቱቦዋን ከመሣሪያው አውጥታ ቆመች።

"ጄኔሬተሩ ለምን አልተነሣም?" አለች ለራሷ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አባባ፣ ምልክት እያደረገ ነው። ከቀዘቀዘ ያቆማል። የሚፈልገው የሰው ገላ ሙቀት ያህል ነው። ይያዙልኝ፣ ብብትዎ ውስጥ። ጥበቃውን ልጥራ።"

"እኔ?"

"እጅዎ ይቀዘቅዛል። ብብት።"

ሸሚዜን ከፍታ ብብቴ ውስጥ አስገባችውና ሮጠች። ክንዴን አጥብቄ ተቀመጥኩ። ጭኔ ላይ ልቡ፣ ብብቴ ውስጥ ጫፉ። ቱቦው መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነበር። ቆይቶ አልተሰማኝም፤ የእኔ ገላ ሆነ። እዚያ ውስጥ፣ በእኔ ሙቀት፣ አንድ ነገር አሮጌውን እያየ አዲሱን ምልክት ያደርጋል። እኔ አሮጌው ላይ ያለውን አላውቅም። ምን እያስጻፍኩ እንደሆነ አላውቅም። ፈራሁ። ላውጣው ብል አዲሱ ባዶ ይቀራል፤ ልተወው ብል የማላውቀውን ነገር እያሞቅኩ ነው። ጭኔ ላይ ያለው ቅጠል ተንቀሳቀሰ። ነፋስ የለም፣ መስኮቱ ዝግ ነው። እጄ ተንቀጥቅጦ ይሆናል። እንዲህ ብዬ ነው የተቀመጥኩት፤ እጄ ነው እያልኩ።

ጄኔሬተሩ ተነሣ። ልጅቷ እያለከለከች ተመለሰች፣ ቱቦውን ወሰደች፣ ወደ ብርሃን ይዛ አየችው። ውሃ ነው የሚመስለው። "ደህና ነው?" አልኳት። "አላውቅም" አለች። እስከ ከሰዓት ቀጠለች፤ እኔም ተቀመጥኩ።

ስመለስ ጎረቤቴ አሚቾው አጠገብ ነበር። "አልተነሣሁም" አለኝ፣ ከዚያ ሮጠ። የተረፈውን ልብ ከአሚቾው ጎን አድርጌ አብሬ ቀበርኩት።

የበልግ ዝናብ ሲመጣ አፈሩ ተሰነጠቀና ችግኞቹ ወጡ። ብዙ ናቸው፣ አንገታቸው ቀይ። ለጎረቤቴም ሰጠሁት፣ ለሌላውም። የልጅቷ ሥራ ግን ዘገየ፤ ቱቦው ወደ ውጭ ተልኮ ተነቦ መልሱ እስኪመጣ ረጅም ጊዜ ወሰደ። መልሱ ሲደርሳት መጥታ በዚያው በርጩማ ተቀመጠች።

"ምልክቱ ተርፏል" አለች። "ሁሉም አይደለም፣ አብዛኛው። የጠርሙሱ እንሰት ብዙ ቦታ ላይ ምልክቱን አጥቷል። ያንን አሁን በግልጽ አየሁ።"

"ጥሩ ነው።"

"ሌላ ነገር ልጠይቅዎ። ይሄ እንሰት ታሞ ያውቃል?"

"በእኔ ግቢ አንድ ቀን አልታመመም።"

"ምልክቱ ታሞ ከዳነ እንሰት ጋር ይመሳሰላል። ግምቴ ነው፣ ለሰው እንዳይናገሩ። ግን በእርስዎ ጊዜ ካልሆነ፣ ከዚያ በፊት ነው።"

ከዚያ በፊት ማለት ከቤሌ ወዲያ፣ የባለቤቴ እናት ግቢ ማለት ነው። እዚያ አንዴ ሄጃለሁ፤ እናትየዋ የሞተች ጊዜ፣ ለቀብር። ጓሮዋ ባዶ ነበር። ሣር የበቀለበት ከፍ ከፍ ያለ አፈር አይቼ እርከን መስሎኝ ነበር። ባለቤቴን ስጠይቃት "ምን አለና?" አለችኝ። እዚያ ምን እንደሆነ፣ ማን በረሃብ እንደተጎዳ፣ ከዚያ ሁሉ እንሰት የቱ እንደተረፈና ማን ለይቶ እንደያዘው አላውቅም። ነገሩን እሷ ለእኔ አልነገረችኝም። እንሰቱ ግን ይዞት ነበር። እኔም ብብቴ ውስጥ አሙቄ አስገልብጬዋለሁ።

"ልጆቹስ?" አልኳት። "ችግኞቹ ይዘውታል?"

"አላውቅም። ያ በሽታው ሲመጣ ነው የሚታወቀው።"

መጣ። በመጣ ጊዜ ችግኞቹ ቁመቴን አልፈው ነበር። ከእኛ በላይ ያለው ግቢ ሌላ ዓይነት እንሰት ነበረው፣ ቢጫ ሆነ። በማግስቱ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ጓሮ ስወጣ የእኔዎቹ ሁሉ የታችኛውን ቅጠላቸውን ወደ ታች ጥለዋል። ሁሉም። ግንዳቸው ላይ ተንጠልጥሎ፣ እንደ ታጠፈ ክንድ። አረንጓዴ ነው፣ ቢጫ አይደለም። አይቼው አላውቅም። እናትየው ሰፈሩ ሁሉ ሲሞት እንኳ እንዲህ ስታደርግ አላየሁም። ወደ ጎረቤቴ ሮጥኩ፤ ሽማግሌ ሲሮጥ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። አጥሩ ጋ ቆሟል። የእሱም እንደዚያው፣ በዚያው ቀን። እሱ ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እነዚህም ሞቱ ብዬ ጉድጓድ መቆፈር ጀመርኩ። ልጅቷን ደወልኩላት፤ አይንኩት፣ ይጠብቁ አለችኝ። ጠበቅን። የተጣለው ቅጠል ደርቆ ወደቀ። በሽታው ወደ ታች ያሉትን ግቢዎች አዳረሰ፣ እኛን አልፎ ሄደ። የእኛዎቹ መሀላቸው ቀጥ እንዳለ አዲስ ቅጠል አወጡ። ልጅቷ መጥታ አየቻቸውና፣ ይህን ማን አስተማራቸው እንደምትል ሰው እጇን አፏ ላይ አደረገች። "በሽታው ሳይደርስባቸው ቅጠሉን ቀድመው ጣሉት። ይሄን አላነበብኩትም" አለች። "ተጽፎ ይሆናል፤ እኔ አላነበብኩትም።"

ዛሬ ከእነሱ እንበላለን። ቆጮው ጥሩ ነው። ሰው መጥቶ ችግኝ ሲለምነኝ እሰጣለሁ፣ እምቢ አላልኩም። ግን እኩለ ቀን ላይ ነፋስ ሲያቆም ጓሮ አልወጣም። እነሱ የሚያውቁት ነገር አለ፣ እኔ የማላውቀው። ምን እንደሆነ የሚያሳዩኝ ቀን ደግሞ እዚያ መቆም አልፈልግም።